አሥራ አራተኛው መስመር

ከፖርቶ ወደ ሰሜን፣ ባሕር በሚያገሳባት ከተማ፣
ሐሙስ ማታ ነበር፤ የዝናቡ ድምፅ ከሰው ቀድሞ ተሰማ።
በእሳት አጥፊዎች አዳራሽ፣ ከቀዩ መኪና ጎን፣ በጠባቡ ቦታ፣
ወንበር ተደረደረ፤ ግድግዳው ነጣ፣ ፕሮጀክተሩ በርቶ ሲመታ።

ዶክተር ግራሲንዳ ከኮይምብራ መጣች፣
እርጥብ ጃንጥላዋን በሩ ሥር አቆመች።
ሰባት ዓመት ሙሉ የመዛግብት አቧራ ስትጠጣ፣
የግርጌ ማስታወሻ ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ፣ ደግሞ ስታወጣ፣
ያነበበላት ሰው ቢቆጠር በጣት ነው፤
አንዱ ፈታኟ ነው፣ አንዱ ባሏ ነው፣
ሦስተኛው እንጃ፣ ምናልባት አራሚው ነው።

ዛሬ ግን ከፊቷ የተቀመጡት
መረብ የሚጠግኑ፣ ዓሣ የሚያወጡት፣
ጉልበታቸውን በቅባት የሚያሹ አሮጊቶች፣
ድንች ጥብስ የሚቆረጥሙ ሁለት ልጆች።
ከንቲባው ከስልኩ ቀና አላለም፤
አንድ ውሻም ነበር፣ የማን ነው ያለ ግን የለም።

«የሰርዲን ፋብሪካው» አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ፣
አንዱን ገጽ አወጣች ከብዙ ፈልጋ።
ግድግዳው ላይ ሰፋ፣ የአልጋ አንሶላ አከለ፣
ጠርዙ በብል ተበልቶ፣ ቀለሙ እየዋለለ።

«ስለ ሣቀች፣ ሁለት ሳንቲም። ስለ ዘገየች፣ አምስት።
ልጇን ልታጠባ ስለ ወጣች፣ የግማሽ ቀን ቅጣት።
ከቅጣቱ ትይዩ፣ ስም በሚጻፍበት፣
ስም የለም፤ መስቀል ነው፣ ሁለት አጭር ጭረት።
መቶ አርባ ሦስት ሴት፣ መቶ አርባ ሦስት መስቀል፤
ይህም የመሐይምነቱን መጠን በግልጽ ያሳያል።»

ቀጥላም ሠንጠረዥ፣ ቀጥላም መቶኛ፣
ቀጥላም ቀይ መስመር፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፤
አዳራሹ አዛጋ፤ ውሻው ቀድሞ ተኛ።

ያኔ ነው ከኋላ፣ ከማሞቂያው ሥር፣
ዱላ ወለሉን የመታው፤ ጓ! እንደ ተዘጋ በር።
ዶና ዙልሚራ ናቸው፣ ዘጠና ሊሞላ ወር የቀራቸው፣
ሐኪም የማያምኑ፣ መድረክ የሚጠሉ፣ ከንቲባውም የሚፈራቸው።

«ተመለሽ» አሏት «ወደዚያኛው ገጽ።
አሥራ አራተኛው መስመር። አይ፣ ከፍ አድርጊው። እዚያ ላይ።
ያ መስቀል የእናቴ ነው።
የዴኦሊንዳ።
እጇን አውቀዋለሁ፤ የቀኙ ጭረት ሁልጊዜ ይረዝማል፣
የዱቄት ከረጢታችን ላይም እንዲሁ ያዘነብላል።

እናቴ ደግሞ ማንበብ ትችል ነበር፣ ከቄሱ ይበልጥ።
ማታ ማታ ጎረቤቶቿ ከበዋት፣ በኩራዝ ብርሃን፣
ከብራዚል የመጣውን የባሎቻቸውን ደብዳቤ ታነብ ነበር፤
መልሱንም ትጽፋለች፣
አንዳንዴ ባልየው የማይገባውን ለስላሳ ቃል ጨምራ።»

«ታዲያ ለምን መስቀል?»

«ለምን ስሟን ትስጣቸው?
ስለ ሣቀች ሁለት ሳንቲም ወሰዱ፤ ይውሰዱ።
እናቷ ያወጣችላትን ስም ግን
ከቅጣት ጎን ታስቀምጠው?
ተማክረው ነው፣ ልጄ። ዓሣ እየቆረጡ፣ ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ።
የቻለችም፣ ያልቻለችም፣ ሁሉም መስቀል፤
የማትችለዋ እንዳታፍር፣
የምትችለዋ እንዳትለይ።»

ዝናቡ አባራ ወይስ ሰው ነው ዝም ያለው?
ከንቲባው ስልኩን ኪሱ ከተተው።
የሰባት ዓመት ድካም፣ የታተመ፣ የተጠረዘ፣
ከነቀይ መስመሩ ግድግዳው ላይ ፈዘዘ።

ዶክተር ግራሲንዳ አልተከራከረችም፣
«ማስረጃ አለዎት?» ብላም አልጠየቀችም።
ወንበር ስባ መጥታ፣ ከአሮጊቷ ጎን ዝቅ ብላ፣
ከአንደኛው ልጅ እርሳስ ተበድራ፣
«ስማቸውን በሙሉ ይንገሩኝ» አለች።

ዶና ዙልሚራ ዝም አሉ። ቆዩ።
«መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ፤ የት ነው የምትጽፊው?
ከቅጣቱ ጎን ከሆነ፣ ይቅር።
መስቀሉ ይበቃታል።»

ግራሲንዳ ፕሮጀክተሩን አጠፋች።
ባዶ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

ከሦስተኛው ረድፍ፣ በጨለማው ውስጥ፣
«የእኔም አክስት...» አለ አንድ የዓሣ አጥማጅ ድምፅ።
ውሻው ነቃ።